ለተርም ፔፐርም ለሲኒየር ኤሴም፦ መረጃ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይጣራል

ግቢ ስትገቡ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምራችሁ ሰው ብዙም የለም፣ ሪሰርች ሜተድ የሚባለው ኮርስ በአብዛኛው ዲፓርትመንት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ አሳይመንት ግን ከፍሬሽ ጀምሮ ነው የምታስረክቡት። ስለዚ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ያው የታወቀ ነው፣ ርዕሱን እንዳለ ጉግል ላይ ይጽፋል፣ ከላይ የመጡትን ሁለት ሦስት ሊንክ ይከፍታል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ቃላት ይቀያይራል፣ ከሲኒየር የተላከ የድሮ ፔፐር ካለ ደግሞ ሬፈረንሱን እንዳለ ከሱ ይገለብጣል። ይሄ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሌላ መንገድ ስላልታየን ነው። እዚህ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ የምፈልገው ያንን ሌላ መንገድ ነው፣ መንገዱ ደግሞ አንድ ልማድ ላይ የቆመ ነው፦ አንድ ቁጥር ወይ አንድ ሀሳብ ስታገኙ «ይሄን መጀመሪያ ያለው ማነው፣ እንዴትስ አወቀ» ብሎ እስከ መነሻው ድረስ መሄድ።

በባዶው እንዳናወራ አንድ ርዕስ ይዘን እንሂድ፣ እንቦጭ በጣና ሐይቅ። ሁላችንም የሰማነው ነው፣ ፌስቡክ ላይም ቴሌግራም ላይም ብዙ ተብሎበታል፣ ጥናትም በደንብ ተሠርቶበታል፣ የተሳሳተ መረጃም እንደዛው ሞልቶበታል። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ የለም። የናንተ ርዕስ ሌላ ከሆነ በየደረጃው የራሳችሁን እያስገባችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ቀይሩት

«እንቦጭ በጣና ሐይቅ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ከጀመራችሁ ስለ አረሙ አመጣጥም፣ ስለ ዓሣውም፣ ስለ ውሃው ጥራትም፣ ስለ ዘመቻውም፣ ስለ ማሽኑም ትሰበስቡና መጨረሻ ላይ 40 ፒዲኤፍ ዳውንሎድ አድርጋችሁ ምን እንደምትጽፉ ግራ ይገባችኋል። ማጥበብ አለባችሁ፣ ለማጥበብ ደግሞ አራት ነገር ጠይቁ፦ ማን ላይ? የት? መቼ? ምኑ ላይ? ለምሳሌ ማን ሲባል ዓሣ አስጋሪዎች፣ የት ሲባል ደምቢያ ወረዳ፣ መቼ ሲባል ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ፣ ምኑ ሲባል ገቢያቸው። አሁን «በደምቢያ ወረዳ ጣና ዳር የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች ገቢ በእንቦጭ ምክንያት ባለፉት አምስት ዓመታት እንዴት ተቀየረ» የሚል ጥያቄ አላችሁ። በዚህ ጥያቄ አንድ ወረቀት ስታነቡ ይጠቅመኛል አይጠቅመኝም ብሎ መወሰን ይቻላል።

ግን በጣም አታጥብቡት። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ወር፣ አንድ የዓሣ ዓይነት ብላችሁ ከጀመራችሁ የሚነበብ ነገር ታጣላችሁ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ 30 ደቂቃ ያህል ፈልጉ፣ ምንም ከጠፋ ቦታውን ወይ ጊዜውን አስፉት፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ቁረጡት። ጥያቄው በፍለጋው መሃል ሁለት ሦስቴ ቢቀየር ጤናማ ነው። ሌላ ደግሞ፣ አድቫይዘራችሁ ጋ ስትሄዱ «ርዕስ ይስጡኝ» ብላችሁ ሳይሆን ይሄን ጥያቄ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ውይይቱ ሙሉ ለሙሉ ይለያል።

ዊኪፔዲያን በተመለከተ አትጠቀሙ ሲባል ትሰሙ ይሆናል፣ እኔ ግን እዚህ ደረጃ ላይ ተጠቀሙበት ነው የምለው። ስለ አረሙ ምንም የማታውቁ ከሆነ 10 ደቂቃ አንብባችሁ የት እንደተነሳ፣ ሳይንሳዊ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሌላ አገር ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ። ከደቡብ አሜሪካ የአማዞን አካባቢ የመጣ ነው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፉኛ አስጨንቆት ነበር፣ እዛም ቅጠሉን የሚበላ ጢንዚዛ ለቀውበታል። ይሄን ይዛችሁ ገጹ ስር ወዳሉት ምንጮች ውረዱ። ሬፈረንስ ላይ የምታስገቡት እነዛን አንብባችሁ ነው እንጂ ዊኪፔዲያን አይደለም።

ደረጃ 2፦ ከመፈለጋችሁ በፊት የቃል ዝርዝር አዘጋጁ

ብዙ ሰው «ምንም ጥናት የለም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ሞክሮ ነው። ወረቀት አውጡና ጥያቄያችሁ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ነገር ሌላ ምን ተብሎ ሊጻፍ እንደሚችል ዘርዝሩ።

እንቦጭን እንግሊዝኛው ወተር ሃያሲንት ይለዋል፣ በሳይንስ ስሙ አይክሆርኒያ ክራሲፔስ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የወገን ስሙ ተቀይሮ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ እየተባለ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን በድሮው ስም ብቻ ከፈለጋችሁ አዲሶቹ ጥናቶች ሊያመልጧችሁ ይችላሉ፣ በአዲሱ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ የድሮዎቹ። ሦስቱንም በየተራ ሞክሩ፣ ወይም በመሃላቸው «ኦር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደል አስገቡ፣ ጉግል አንዱ ያለበትን ሁሉ ያመጣላችኋል።

የቦታ ስም ሌላ ችግር ነው። ደምቢያ በላቲን ፊደል አንዱ በአይ እና ኤ ይጽፈዋል፣ ሌላው መሃሉ ላይ ዋይ ይጨምርበታል፣ ሌላው በኤም ፈንታ ኤን ያደርገዋል። ሊቦ ከምከም፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሁሉም እንደዛ ናቸው። አንድ ጥናት ስታገኙ የቦታውን አጻጻፍ አይታችሁ ዝርዝራችሁ ላይ ጨምሩ፣ ቀጥሎ በሱ ፈልጉ።

በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ የሞክሼ ፊደላቱ ጉዳይ አለ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ ለኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ሐይቅና ሀይቅ፣ ሥራና ስራ፣ ጸሐፊና ፀሀፊ፣ እንቦጭና እምቦጭም ራሱ እንዲሁ። በተለይ ፒዲኤፍ ውስጥ ስትፈልጉ እና የላይብረሪ ካታሎግ ላይ ስትፈልጉ በአንዱ ካልመጣ በሌላው ሞክሩ። ቅጥያም አለ፣ «በሐይቁ» ተብሎ የተጻፈን «ሐይቅ» ብላችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ስለዚ መጨረሻውን ፊደል ትታችሁ «ሐይ» ብቻ ብላችሁ መሞከር አንዳንዴ ያዋጣል።

አፈላለጉ ላይ ሦስት ብልሃት ይበቃል። አንድ ሐረግ እንዳለ እንዲመጣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት። አንድ ዌብሳይት ውስጥ ብቻ ለመፈለግ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) እና ከአድራሻው ጋር መጻፍ፣ ለምሳሌ ኢዱ ነጥብ ኢቲ ካላችሁ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ ያመጣል። እና «ፋይልታይፕ» ብሎ ሁለት ነጥብ አድርጎ ፒዲኤፍ ማለት፣ ሪፖርት ለሚፈልግ ሰው በጣም ጠቃሚ ነው።

ደረጃ 3፦ የት ነው የሚፈለገው

ከጉግል ስኮላር ጀምሩ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ በነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ብዙ ሰው ግን የሚጠቀምበት እንደ ተራ ጉግል ነው። ከእያንዳንዱ ውጤት ስር ያሉትን ትንንሽ ሊንኮች ተመልከቱ። «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ስትጫኑ ያንን ጥናት ጠቅሰው ከሱ በኋላ የተጻፉትን ያመጣላችኋል፣ ማለትም አንድ ጥሩ የ2017 ወረቀት ካገኛችሁ ወደ ፊት ተጉዛችሁ የ2023ቱን ታገኛላችሁ፣ የወረቀቱን ሬፈረንስ ስታነቡ ደግሞ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። በነዚህ በሁለቱ አቅጣጫ ብቻ ከአንድ ጥሩ ጥናት ተነስቶ የሊትሬቸር ሪቪውን፣ ማለትም ከዚህ በፊት የተሠሩ ጥናቶች የሚዳሰሱበትን ክፍል፣ አብዛኛውን መሰብሰብ ይቻላል። «ኦል ቨርዥንስ» የሚለው ደግሞ ክፈሉ የሚል ገጽ ሲገጥማችሁ ያው ጽሑፍ ሌላ ቦታ በነፃ ካለ ያሳያችኋል።

ክፈሉ ካለ አትክፈሉ፣ ተስፋም አትቁረጡ። መጀመሪያ ላይብረሪ ሂዱና ሪሰርች ፎር ላይፍ እንዳላቸው ጠይቁ፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ትልልቅ ጆርናሎችን የሚከፍት ፕሮግራም ነው፣ የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል፣ የግብርናው አጎራ፣ የአካባቢው ኦአሬ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ውስጥ ናት። ፓስወርዱ ግን ለተማሪ በየስልኩ አይላክም፣ ተቋሙ ከተመዘገበ ላይብረሪያኑ ጋ ነው የሚገኘው፣ ስለዚ ሄዶ መጠየቅ ነው። ከዛ አንፔይዎል የሚባለውን ብሮውዘር ላይ የሚጫን ነፃ ነገር ሞክሩ፣ ወረቀቱ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የተቀመጠበት ቦታ ካለ ያመላክታል። ሁሉም ካልሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን የጸሐፊውን ኢሜይል ወስዳችሁ በትህትና ጻፉለት፣ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እየሠራሁ ነው፣ ጽሑፍዎን ሊልኩልኝ ይችላሉ?» ማለት በቂ ነው። ጥናቱን የሚያነብለት ተማሪ ማግኘት አብዛኛውን ተመራማሪ ደስ ያሰኘዋል።

ለኛ ርዕሶች ከስኮላር ባልተናነሰ የሚጠቅሙ ሌሎችም አሉ። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን፣ በአጭሩ አጆል፣ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ የአፍሪካን ጆርናሎች የሚያሰባስብ ነው፣ ብዙ የኢትዮጵያ ጆርናሎች እዛ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የፒኤችዲ ቴሲሶች የሚቀመጡበት ሪፖዚተሪ ኦንላይን ክፍት ነው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የራሱ አለው፣ ስለ ጣና ከሆነ እሱን ሳታዩ አትለፉ። ታሪክ፣ ባህል፣ ቋንቋ፣ ማኅበረሰብ ለሚያጠና ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ አለ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን፣ እወቁት፣ የድሮ ጋዜጣና መንግሥታዊ ኅትመት ስትፈልጉ ሌላ ቦታ የማታገኙትን እዛ ታገኛላችሁ። ኢንተርኔት ላይ አልተገኘም ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም፣ በአገራችን ብዙ ነገር አሁንም ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ቁጥር ፈላጊ ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ጋ ሂዱ፣ ግን የድሮ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነበር፣ ሲ.ኤስ.ኤ. ብላችሁ ካልፈለጋችሁ የድሮ ሪፖርቶቹን አታገኙም። የመሥሪያ ቤት ስም እዚህ አገር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ይሄ ለሌሎቹም ይሠራል፣ የሚኒስቴሩን የበፊት ስም ጠይቃችሁ በሁሉም ፈልጉ።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ልበል። ቻናል ላይ መጽሐፍ ማግኘት ቀላል ነው፣ ችግሩ የሚላከው ፋይል ብዙ ጊዜ የፊት ገጹ የለውም፣ ስንተኛ ዕትም እንደሆነ፣ መቼ እንደታተመ አይታወቅም። የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ አንብባችሁ ተማሩበት፣ ግን ዎርልድካት (የዓለም ላይብረሪዎች የጋራ ካታሎግ) ወይ ጉግል ቡክስ ላይ ሙሉ መረጃውን ሳታገኙ ሬፈረንስ ላይ አታስገቡት።

ደረጃ 4፦ ያገኛችሁትን አጣሩ

ዋናው ይሄ ነው። ትንሽ እንቆይበት።

አንድ ዌብሳይት ስትከፍቱ እዛው ገጽ ላይ ቁጭ ብላችሁ ዲዛይኑን፣ ሎጎውን፣ «ስለ እኛ» የሚለውን እያያችሁ ታማኝ ነው አይደለም አትበሉ። ሳም ዋይንበርግ እና ሳራ ማክግሩ የሚባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የታሪክ ፕሮፌሰሮችን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና የመረጃ አጣሪ ጋዜጠኞችን ኢንተርኔት ላይ ምንጭ እንዲገመግሙ አድርገው አነጻጽረዋል። በትክክልም በፍጥነትም የበለጡት አጣሪዎቹ ናቸው፣ ሚስጥሩ ደግሞ ገጹን ብዙ ሳያነቡ ሌላ ታብ ከፍተው ስለ ድርጅቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ መፈለጋቸው ነው። ፕሮፌሰሮቹና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በሚያምረው ገጽ ላይ ተይዘው ቀርተዋል። እናንተም እንደ አጣሪዎቹ አድርጉ፣ የድርጅቱን ስም ጉግል አድርጉ፣ ማን ነው፣ ገንዘቡን ማን ይሰጠዋል፣ ከዚህ በፊት ምን ተብሎበታል። ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

አሁን ወደ ቁጥር። «እንቦጭ የጣናን ግማሽ ሸፍኗል» የሚል ፖስት አያችሁ እንበል። መጀመሪያ የራሳችሁን ሂሳብ ሥሩ። የሐይቁ ስፋት ራሱ በየጽሑፉ ይለያያል፣ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎሜትር ድረስ ታገኛላችሁ፣ ውሃው በክረምትና በበጋ ስለሚለያይና አለካኩም አንድ ስላልሆነ። ትንሹን 3,000 እንውሰድ። አንድ ካሬ ኪሎሜትር 100 ሄክታር ነው፣ ስለዚ ግማሽ ማለት 150,000 ሄክታር ማለት ነው። ሌላ ሪፖርት ላይ 5,000 ሄክታር የሚል ብታገኙ ያ 50 ካሬ ኪሎሜትር ነው፣ ከሐይቁ ሁለት በመቶ እንኳን አይሞላም። ሁለቱ ወሬዎች ስለ አንድ ሐይቅ ናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ይሄን ለማየት ካልኩሌተር እንጂ ኤክስፐርትነት አያስፈልግም፣ አጀማመሩም ይሄው ነው።

ቀጥሎ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ፣ ሁልጊዜ ውሸት ስለሆነ አይደለም። አንዱ የሚያወራው አረሙ ስለነካው የባሕር ዳርቻ ርዝመት በኪሎሜትር ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ስለ ውሃው ገጽ ስፋት። አንዱ ክረምቱ እንዳለቀ አረሙ ሰፍቶ በሚታይበት ወር የለካው ነው፣ ሌላው በበጋ ወይ ከዘመቻ በኋላ። አንዱ የወረዳ ባለሙያዎች በዓይን የገመቱት ነው፣ ሌላው ከሳተላይት፣ ለምሳሌ ከሴንቲኔል 2 በነፃ ከሚገኘው ምስል የተሠራ። ስለዚ ቁጥር ስትጽፉ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፣ መቼ፣ በማን፣ በምን ዘዴ እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ። ሁለት ምንጭ ከተጣላ አንዱን ደብቃችሁ አንዱን አትምረጡ፣ ሁለቱንም አስቀምጡና ለምን እንደተለያዩ አብራሩ፣ ፔፐራችሁን ከሌላው የሚለየው ይሄ አንቀጽ ነው።

ከዛ ወደ መነሻው መውረድ አለ። ወረቀት ሀ ወረቀት ለን ይጠቅሳል፣ ለን ስትከፍቱት ሐን ይጠቅሳል፣ ሐ ደግሞ አንድ የዜና ዘገባ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ሰንሰለት ብዙ ነው፣ በአምስት ጥናት የተረጋገጠ የመሰላችሁ ነገር የአንድ ሰው ግምት አምስት ጊዜ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ለዋና ዋናዎቹ ነጥቦቻችሁ ቢያንስ ይሄን ጉዞ እስከ መጨረሻ ሂዱት።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድን ደግሞ አደራ። እንቦጭ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ግድብና አዋሽ ላይ ነው ይላሉ ጥናቶቹ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ.። አሁን አንዱ ወደ አማርኛ ሲያመጣው «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ይረሳና «በ1965 ቆቃ ላይ ታየ» ብሎ ይጽፋል፣ አንባቢው የኛ 1965 ይመስለዋል፣ ይሄ ግን የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ስህተት ነው። «በ2011 ጣና ላይ ታየ» ቢባልም እንደዛው፣ የኛ 2011 ዓ.ም. ስለ አረሙ አገር ሁሉ የሚያወራበት ጊዜ ነበር እንጂ የታየበት አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከፈረንጅ ጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜ ደግሞ 8። የበጀት ዓመት የሚል ካለ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚያልቅ ነው። በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ስለሚወድቅ 2012 በጀት ዓመትን 2019/20 ብላችሁ ጻፉት። የሕዝብ ቆጠራውም 1999 ከተባለ የኛ ነው፣ በፈረንጁ 2007። ከየትኛውም ጽሑፍ ዓመት ስትወስዱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ማስታወሻችሁ ላይ ወዲያው ጻፉ፣ በኋላ አታስታውሱትም።

ስለ ጆርናሎች በአጭሩ፦ ሁሉም ጆርናል ጆርናል አይደለም። ገንዘብ ከፍላችሁ በሦስት ቀን እናትማለን የሚሉ፣ ማንም ሳይገመግም የሚያወጡ አሉ። ስሙን ዶአጅ (ዲ.ኦ.ኤ.ጄ.) ላይ ፈልጉ፣ ተጣርተው የገቡ በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ዝርዝር ነው፣ የአገር ውስጥ ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ከሰጣቸው ውስጥ መሆኑን ዲፓርትመንታችሁን ጠይቁ፣ ኤዲተሮቹ በእውነት ያሉ ሰዎች መሆናቸውንም እዩ።

ደረጃ 5፦ ቻትጂፒቲን የት ላይ መጠቀም ይቻላል

አትንኩት አልልም፣ ሁሉም እየነካው ነው። የማይገባችሁን ጽንሰ ሀሳብ እንዲያብራራላችሁ፣ ለቃል ዝርዝራችሁ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲጠቁማችሁ፣ የጻፋችሁትን ግራመር እንዲያይላችሁ ጠይቁት፣ እዛ ላይ ይረዳል። ምንጭ ስጠኝ ብላችሁት የሰጣችሁን እንዳለ ማስገባት ግን በጣም አደገኛ ነው፣ የሌለ ወረቀት፣ የሌለ ገጽ፣ እውነተኛ ከሚመስል የጸሐፊ ስም ጋር ፈጥሮ ይሰጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ደግሞ ኦንላይን ያለው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ የበለጠ መጠንቀቅ ነው። የሰጣችሁን ርዕስ በጥቅስ ምልክት አድርጋችሁ ስኮላር ላይ ፈልጉት፣ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው የወረቀቱ መለያ ቁጥር ካለውም ዶይ ነጥብ ኦርግ ላይ አስገብታችሁ ክፈቱት። ካልተከፈተ፣ ወይ ሌላ ወረቀት ከከፈተ፣ ተዉት።

ደረጃ 6፦ አነባበብና ማስታወሻ

ወረቀት ከመጀመሪያ ቃል እስከ መጨረሻ በተራ አይነበብም። አብስትራክቱን፣ ከዛ መደምደሚያውን፣ ከዛ ሰንጠረዡንና ግራፉን እዩ፣ ከጥያቄያችሁ ጋር ከተገናኘ ብቻ ሜተዱን በደንብ አንብቡ፣ ስንት ሰው ጠየቁ፣ እንዴት መረጡ፣ መቼ። የሚጠቅም ከሆነ ከዛ ሙሉውን።

ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ መስመር ስጡት፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ዘዴ፣ ምን አገኘ፣ ምን ጎደለው፣ ለኔ ጥያቄ ምን ይሰጠኛል። 15 ወረቀት ሲሞላ ሊትሬቸር ሪቪው መጻፍ ይቀላችኋል፣ ምክንያቱም «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች» እያላችሁ ከመደርደር ወጥታችሁ በየአምዱ ወደ ታች እያያችሁ የሚስማሙትንና የሚለያዩትን ማውራት ትችላላችሁ።

ማስታወሻ ስትይዙ ቃል በቃል የገለበጣችሁትን ወዲያው በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉና ገጹን ጻፉ፣ በራሳችሁ ቃል የጻፋችሁትን ደግሞ ወረቀቱን ዘግታችሁ ጻፉት። ፓራፍሬዝ ማለት ቃል በቃል እየተተኩ መሄድ አይደለም፣ ገብቷችሁ ለጓደኛችሁ እንደምታስረዱት አድርጋችሁ መጻፍ ነው፣ ከዛም በኋላ ቢሆን ምንጩ ይጠቀሳል። ተርንኢትን የሚባለው ጽሑፍ አመሳካሪ ፕሮግራም የሚያወጣው ፐርሰንት ከሌላ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን ነው የሚያሳየው እንጂ ስርቆት መሆን አለመሆኑን አይወስንም፣ ስለዚ ፐርሰንቱን ለመቀነስ ቃል ስትቀያይሩ አትደሩ፣ ምንጫችሁን በትክክል ጥቀሱ።

ደረጃ 7፦ መሥሪያ ቤት ሄዶ ዳታ መውሰድ

ለብዙ የኛ ርዕስ ኢንተርኔቱ ግማሽ መንገድ ነው የሚወስዳችሁ፣ ቀሪው ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሼልፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፣ ማኅተም መኖሩን እዩ። ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ላይ የገባበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ስትመለሱ እሱን ይዛችሁ ነው የምትከታተሉት። በቃል «ስለ እንቦጭ መረጃ» ከማለት የምትፈልጉትን በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ ስጡ፣ የትኞቹ ዓመታት፣ የትኞቹ ቀበሌዎች፣ በሄክታር ነው በኪሎግራም።

ባለሙያውን አክብራችሁ ቅረቡት፣ ጊዜው አነስተኛ ነው። ቁጥሩን ከሰጣችሁ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማን ሰበሰበው፣ በየስንት ጊዜው፣ ያልተሞላበት ወር ላይ ምን አደረጋችሁ? ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁምነገር ከሰንጠረዡ ይልቅ ከዚህ መልስ ነው የሚገኘው፣ ለምሳሌ አንድ ዓመት ላይ የዓሣ ምርት በድንገት ወርዶ የታየው ዓሣው ቀንሶ ሳይሆን መዝጋቢው ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። የነገሯችሁን ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሰነዱን በስልክ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ አስፈቅዱ፣ የፊት ገጹንና ማኅተሙን አብራችሁ አንሱ።

ደረጃ 8፦ ሬፈረንስ

ዞቴሮን ዛሬውኑ ጫኑ። ነፃ ነው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ብሮውዘር ላይ አንድ ክሊክ ወረቀቱን ከነመረጃው ያስቀምጣል፣ ዎርድ ላይ ደግሞ ሬፈረንሱን ራሱ ይሠራል። አንድ ወረቀት ከታተመ በኋላ ተሰርዞ ከሆነም በቀይ ያስጠነቅቃችኋል፣ ይሄን በእጅ ማወቅ ከባድ ነው። የሬፈረንስ አጻጻፉ ኤ.ፒ.ኤ. ይሁን ሌላ፣ ዲፓርትመንታችሁ የሚፈልገውን ጠይቃችሁ ምረጡ፣ ዞቴሮ ይቀይርላችኋል።

አንድ የማይሠራው ነገር ግን የኛን ስም ነው። ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንደሆነ አያውቅም፣ የቤተሰብ ስም ይመስለዋል፣ ስለዚ የታሪክ ተመራማሪውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» አድርጎ ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ያስቀምጣቸዋል። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው በራሳቸው ስም «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ መጻፍ ነው፣ ለዚህም ዞቴሮ ላይ የስም ሳጥኑን ወደ አንድ ቀይራችሁ ሙሉ ስሙን እዛ ማስገባት ትችላላችሁ። ዲፓርትመንታችሁ በአባት ስም ካለም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንዱን በራሱ አንዱን በአባቱ አታድርጉ። ይሄ ፍለጋ ላይም ይጠቅማችኋል፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራዎች ስኮላር ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ተበትነው ስለሚገኙ ስሙን ገልብጣችሁም ፈልጉ።

ከማስረከባችሁ በፊት ባለው ቀን ሬፈረንሱን ፕሪንት አውጡና ከጽሑፉ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አለ? ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ውስጥ ተጠቅሷል? ሳታነቡት ከሌላ ፔፐር የወሰዳችሁት ካለ ወይ ዋናውን አግኝታችሁ አንብቡ፣ ካልተገኘ ደግሞ «በእከሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብላችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ። ሊንኮቹን በሙሉ ክፈቷቸው፣ የሞተ ካለ ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማከማቻ ላይ ፈልጉት። ከዛ ፋይሉን በስማችሁና በቀኑ ሰይማችሁ አንዱን ኮፒ ኢሜይላችሁ ላይ፣ አንዱን ጉግል ድራይቭ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ኤክሴሉንም አብራችሁ፣ ዲፌንስ ላይ «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው» ስትባሉ የምትከፍቱት እሱን ነው።